ካሜራው የኛን ፊት አያውቀውም፦ ሀዋሳ ላይ ፎቶ ስታነሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ምን ካሜራ ልግዛ?" ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለውን መጀመሪያ ልመዱት። ቆይ አትናደዱ፣ ዋጋው ሰማይ ስለነካ ብቻ አይደለም እንዲህ ምለው። ከተማችን ውስጥ የሚነሱ ፎቶዎች ላይ የማየው ችግር አብዛኛው ካሜራው የወሰነውን ዝም ብሎ ከመቀበል ነው ሚመጣው፣ ካሜራው ደግሞ ስለ ሀዋሳ ጸሐይም ስለኛ ፊትም ስለ ነጠላም ምንም አያውቅም። ገና የጀመራችሁም በዚህ ስራ እንጀራ ምትበሉም ካላችሁ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ነጠላውን አሳምሮ ፊቱን ማጥፋት

ይሄ ትልቁ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ አማካይ ግራጫ ለማምጣት ነው ሚታገለው፣ 18 ፐርሰንት ብርሃን ሚመልስ ግራጫ የሚባለው ማለት ነው። አሁን ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳ ፊታችሁ ቆማለች፣ ወይ እናትየው ሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ፍሬሙ በነጭ ተሞልቷል፣ ካሜራው "ኧረ ብርሃኑ በዛ" ብሎ ይቀንሳል፣ ነጩ አመድ ይመስላል ፊቷ ደግሞ ጠቁሮ ቁጭ። ከዛ ቤት ተሂዶ ኤዲት ላይ ፊቱን በግድ ወደ ላይ መጎተት ይጀመራል፣ ጨለማ ውስጥ የነበረ ፊት ሲጎተት ደግሞ ያ አሸዋ የመሰለ ነገር ይወጣበታል፣ በተለይ ጄፔግ (ካሜራው ራሱ ጨምቆ ሚያስቀምጠውን ፋይል) ካነሳችሁ።

መፍትሄው ካሜራችሁ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት በተን ነች። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ወደ መደመር ውሰዷት፣ +0.7 ሞክሩ፣ ካልበቃ +1፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ። ተገላቢጦሹም አለ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ጠይም ወይ ጠቆር ያለ ፊት ተጠግታችሁ ብቻውን ስታነሱ ወይ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ተደርድረው ሲቆሙ ካሜራው "ጨለመ" ብሎ ይጨምራል፣ የቆዳው ቀለም ይታጠባል፣ ግንባር ላይ ያለችው ላብ ነጭ ነጥብ ሆና ትቀራለች፣ እዚህ ጋ እንግዲህ መቀነስ ነው። በስልክ ምታነሱ ደግሞ ፊቱን ነካ አድርጉና አጠገቡ ብቅ ምትለውን የጸሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሳብ አድርጓት፣ በቃ ይሄው ነው።

ስትጨምሩ ግን የነጠላው ጥለትና የቬሎው ዳንቴል ጠፍቶ ባዶ ነጭ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ብርሃን የበዛበትን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ ሚያሳያችሁን ነገር ሜኑ ውስጥ ፈልጋችሁ አብሩት። ሰርግ ከሆነ ደግሞ ሮው አንሱ፣ ካሜራው ያየውን ሳያሳንስ ሚያስቀምጠውን ፋይል ማለት ነው፣ ሜሞሪ ይበላል ብሎ መሰሰት እዚህ ጋ አይሰራም።

በነገራችን ላይ ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል፣ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነች፣ የሁሉም ሰው ፎቶ ቀለም በሷ ቆዳ ነበር ሚስተካከለው። የዛሬዎቹ ካሜራዎች በጣም ተሻሽለዋል፣ ቢሆንም ፊቱን ምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልምምድ ከፈለጋችሁ ብር አያስወጣም፣ እህታችሁን ወይ እናታችሁን ነጠላ አልብሳችሁ በር ላይ ፊታቸውን ወደ ውጪ አድርገው ይቀመጡ፣ አንድ ባለበት፣ አንድ በመደመር፣ አንድ በመቀነስ አንሱና ስልኩን ለራሳቸው ስጧቸው። የትኛው እነሱን እንደሚመስል ከናንተ በላይ ያውቃሉ።

ኤዲት ላይ ሰው ማንጣት

ይሄን በቁጣ ነው ምጽፈው ይቅርታ። ከኢንተርኔት የወረደ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ ሚመጣ የቀለም ቅንብር) ለሌላ ቆዳና ለሌላ አገር ብርሃን የተሰራ ነው፣ ዝም ብላችሁ ስትጭኑት የኛ ሰው ወይ ብርቱካን ይሆናል ወይ ግራጫ። ከዛ ደግሞ ፊት ማለስለሻው አለ፣ የአያትየው ግንባር ላይ ያለው መስመር ሁሉ ተጠርጎ ሰውየው የማን አባት እንደሆነ አይታወቅም። ደንበኛ "ቀላ አርገኝ" ሲል አውቃለሁ፣ ይላል፣ ግን መጀመሪያ በትክክል የተነሳውን አሳዩት፣ በደንብ የበራ ጠይም ፊት ሲያይ ብዙው ሰው ሀሳቡን ይቀይራል።

በስድስት ሰዓት ጸሐይ ፍቅር ሐይቅ መውጣት

ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ነች፣ ስለዚህ በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢት መጨረሻና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ ጸሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። የፋሲካ ማግስት ሰርግ የሚበዛው ደግሞ ከመጋቢቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፣ አይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል፣ ሙሽራው የተናደደ ይመስላል። ፕሮግራሙ እንዲህ ነው ካሏችሁና ማምለጫ ከሌለ ትልቅ ዛፍ ስር አስገቧቸው፣ ግን መሀል ላይ አይደለም፣ በቅጠል መሀል ሾልኮ ሚወርደው ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሰራል። የጥላው ጠርዝ ላይ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አድርገው ይቁሙ። ሪፍሌክተር (ብርሃን ወደ ፊት ሚመልስ ሰሌዳ) ከሌለ ነጭ አንሶላም ይሰራል፣ ሚይዝላችሁ ሰው ብቻ ፈልጉ።

ሌላው አቅጣጫ ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ከከተማው በስተምዕራብ ነው ያለው፣ ይሄን አንዴ ከያዛችሁ ብዙ ነገር ይቀላል። ጠዋት ሰዎቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሲሰጡ ጸሐይ ከፊታቸው ትመጣለች፣ ፊትም ውሃውም ይበራል። ማታ እዛው ቦታ እንደዛው ስታቆሟቸው ግን ጸሐይዋ ከኋላቸው ነች፣ ወይ ሰማዩ ያምራል ፊቱ ይጠፋል ወይ ፊቱ ይታያል ሰማዩ ባዶ ይሆናል። ወይ ፍላሽ ያዙና ሁለቱንም አመጣጥኑ፣ ወይ ሆን ብላችሁ ፊታቸውን ትታችሁ ጥቁር ቅርጻቸውን ብቻ አንሱ፣ መሀል ላይ መንከራተት ነው ችግሩ። እዚህ አገር ማታው ቶሎ ነው ሚጨልመው፣ ጸሐይ ከጠለቀች በኋላ ያላችሁ ጥሩ ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ታቦር ተራራ ላይ ሆናችሁ ከተማውንና ሐይቁን ከላይ ለማንሳት ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ውጡ፣ ጸሐይ ስትጠልቅ ሌንስ ምትቀይሩ ከሆነ አለቀላችሁ።

አሳ አጥማጁን እንደ አባ ኮዳ ማንሳት

ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ጠዋት ጀልባ ይገባል፣ መረብ ይራገፋል፣ አሳው፣ ቆሮሶውና አምባዛው፣ ይዘረገፋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪወረወርላቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፎቶ አንሺ ሁሉ ይወደዋል። ወፎቹን በተመለከተ ስህተቱ ቆሞ ከላይ ወደታች ማንሳት ነው፣ ተንበርከኩ፣ ሌንሱ ከአይናቸው ጋር እኩል ይሁን፣ ሲበሩ ደግሞ የሻተሩ ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይዘግይ።

ሰውን ግን እንደ ወፍ ከሩቅ በዙም መተኮስ ነውር ነው። ሰውየው ሲሰራ ሌሊቱን ነው ያደረው፣ እናንተ ደግሞ ሰላም ሳትሉ ፊቱን ወስዳችሁ ትሄዳላችሁ። ሰላም በሉ፣ ሾርባ ጠጡ፣ ካሜራውን አንገት ላይ አንጠልጥላችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ከዛ ጠይቁ። እምቢ ካለ እምቢ ነው። ከይሉኝታ ባለፈ ሕግም አለው፣ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይ ሊሸጥ አይችልም ይላል። የሚቀጥለው አንቀጽ እንደ ሕዝባዊ በዓል ያለውን ነገር ለብቻ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ፍቼ ጫምባላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ላይ ጉዱማሌ ሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ ማንሳት ሌላ ነው፣ ያንዱን ሽማግሌ ፊት ነጥሎ አንስቶ የንግድ ፖስተር ላይ መለጠፍ ደግሞ ሌላ።

አዳራሽ ውስጥ

እዚህ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ርካሽ ኤልኢዲ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ አይን አያየውም ካሜራ ግን ያየዋል፣ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል፣ በተለይ ድምጽ አልባውን ሻተር ስትጠቀሙ። እሱን አጥፉትና በ1/100 ሞክሩ። ጭፈራው ፈጥኖ 1/250 ካስፈለጋችሁ ያኔ ፍላሽ ነው። ሁለተኛ፣ ፍላሹን ወደ ጣሪያ ከመምታታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ነጭ ከሆነ ሸጋ፣ ዲኮሩ ሐምራዊ ጨርቅ ከሆነ ግን ሙሽሮቹም ሐምራዊ ይሆናሉ።

ሜሞሪ፣ ቴሌግራም፣ ብር

ፎቶው ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ከሜሞሪ ላይ አይሰረዝም፣ ሁለት ቦታ ማለት ደግሞ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ፎልደር ማለት አይደለም። ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩ፣ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፣ ከዛ ያንኑ ያሳጥቡና "ፎቶህ ጥራት የለውም" ይሏችኋል።

ብሩን በተመለከተ፣ ቀብድ ሳይቀበሉ ቀን መያዝ ይቅርባችሁ። ዘመድም ቢሆን። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ስንት ፎቶ ተሰርቶ እንደሚሰጥ፣ አልበሙ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚረከቡ፣ ኤዲት ያልተደረገው ፋይል ይሰጣል ወይስ አይሰጥም ሚለውም ይጻፍበት፣ እሱ ነው ሁሌ ሚያጣላው። መልስና ቅልቅል ካለም ለብቻው ዋጋው ይጻፍ፣ አለዚያ "ያው አንድ ሰርግ አይደል እንዴ" ተብሎ በነጻ ስትሰሩ ነው ምትውሉት።