በደን ክልል ስለተዘጋ የግጦሽ መሬት አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

በሲዳማ ክልል በሁላ ወይም በአርቤጎና ወረዳ ደጋ ከብት የሚያረባ ሰው የግጦሽ መሬቱ በደን ክልል ተካቶ ሲከለከልበት፣ በቀጥታ ወደ ሐዋሳ ቢወርድ አብዛኛውን ጊዜ «ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ» ተብሎ ስለሚመለስ ጉዳዩን ከቀበሌ ቢጀምር ይሻላል።

በቅድሚያ መሬቱ የመንግሥት፣ የማኅበረሰብ ወይስ የማኅበር ደን ተብሎ እንደተመዘገበ ይጣራ፤ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 እነዚህን የይዞታ ዓይነቶች ለይቶ የሚያውቅ በመሆኑ፣ የሚጠየቀውም ነገር በዚያው ልክ ይለያያል።

ከዚያም ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ይያዙ። ቃለ ጉባኤው «ግጦሽ ይፈቀድልን» በማለት ብቻ ሳይወሰን፣ ከብቶቹ በየትኞቹ ወራት እንደሚገቡ፣ በየት በኩል ወደ ውኃ እንደሚወርዱ፣ ችግኝ ያለበት ቦታ እስከ መቼ እንደሚታጠር በግልጽ ያስፍር፤ ባለሙያው ለኃላፊው የውሳኔ ሐሳብ ሲያዘጋጅ የሚመለከተው ይህንኑ ወረቀት ነውና። ሽማግሌዎች በቃል የሚያውቁት ድንበር ካልተጻፈ በቢሮ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል፤ አግባብ ባይሆንም አሠራሩ ይኸው ነው።

ማመልከቻው ወረዳው መዝገብ ቤት ሲገባ ገቢ ቁጥሩና ቀኑ በቀሪው ቅጂ ላይ ይጻፍ። ወረዳው መልስ ከነፈገ ይህንኑ ቅጂ አያይዞ ወደ ዞን፣ ቀጥሎም ሐዋሳ ወዳለው የክልሉ ቢሮ መሄድ ይቻላል፤ ሰኞ ጠዋት ግን ኃላፊዎች ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ስለሚቀመጡ ባይመረጥ ይመከራል።