ለቻይና ገበያ የተሠራ ባለሥዕል የወርቅ የኪስ ሰዓት እንዴት ይመረመራል?

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በስዊዘርላንድ ከተሞች በጄኔቫና በፍለሪዬ፣ እንዲሁም በለንደን ለቻይና ሀብታሞች ተብለው የሚሠሩ ሰዓቶች ነበሩ። ክዳናቸው ላይ አበባ፣ ወፍ፣ ሐይቅ ወይም እናትና ልጅ ይሣልባቸዋል፣ ጠርዛቸው ለሁለት በተከፈለ ሉል (ዕንቁ) ይከበባል፣ ከዚያም በካንቶን ወደብ፣ በዛሬዋ ጓንግዡ፣ በኩል ይገባሉ። የፍለሪዬው ኤድዋርድ ቦቬ እ.ኤ.አ. በ1818 ካንቶን ገብቶ፣ በ1822 ከወንድሞቹ ጋር ኩባንያ ያቋቋመው ለዚሁ ንግድ ነው።

እንዲህ ያለ ሰዓት እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሥዕሉ ነው፤ ወርቁም ማሽኑም በኋላ ይደርሳሉ። የጎደጎደ ወርቅ ይቃናል፣ የተሰበረ የማሽን ጥርስ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የተሰነጠቀ ኢናሜል ግን ወደነበረበት አይመለስም። ኢናሜል በማዕድን ኦክሳይድ የቀለመ የብርጭቆ ዱቄት ነው። ወርቅ ላይ ተደርጎ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሠዓሊው ቀለም በደረበ ቁጥር ሥዕሉ ያለበት ወርቅ እንደገና እቶን ይገባል። የጄኔቫ ሠዓሊዎች በመጨረሻ ሥዕሉን ቀለም በሌለው ብርጭቆ ይሸፍኑት ነበር። ሥዕሉ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስለው በዚህ ሽፋን ነው፤ ምርመራውም በአብዛኛው እሱን ይከተላል።

1. ዝግጅት

ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ያንጥፉ፤ ከወደቀ እንኳ ከአንድ ስንዝር በላይ እንዳይወድቅ ዝቅ አድርገው ይያዙት። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። የጥጥ ጓንት ስለሚያንሸራትት የላስቲክ ጓንት ይሻላል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነፅር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ የብር ኖት የሚፈተሽበት ዓይነት አልትራቫዮሌት መብራት ይበቃል።

2. ሥዕሉን ማየት

ባትሪውን ከፊት ለፊት አያብሩ፤ ከጎን፣ ጠርዙን ታክኮ እንዲያልፍ አድርገው ሰዓቱን ቀስ ብለው ያዘንብሉ። ያልተነካ ኢናሜል ላይ የብርሃኑ ነጸብራቅ ሳይቆረጥ ከዳር እስከ ዳር ይንሸራተታል። አንድ ቦታ ላይ ከደበዘዘ፣ ከተሰበረ ወይም ከተጨማደደ እዚያ ላይ በመነፅሩ ይቆዩ።

በመነፅሩ ሲታይ የሰው ፊት በመስመር የተሠራ አይደለም። ጉንጩ ላይ ያለው ጥላ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ነጥቦች ድርድር ነው፤ ነጥቦቹም ከላይ ካለው ብርጭቆ ሥር ናቸው። በኋላ ዘመን በሙጫ ወይም በዘይት ቀለም የተጠገነ ቦታ ግን ከብርጭቆው በላይ ተቀምጦ ይታያል፤ የብሩሽ ጭረት ይኖረዋል፣ አንዳንዴም ቀለሙ ስንጥቁን ተሻግሮ ያልፋል። ስንጥቅ በእሳት ያለፈን ሥዕል ይቆርጣል እንጂ ከሥዕሉ ሥር ተደብቆ አይቀርም። ስለዚህ ከቀለም ሥር የገባ ስንጥቅ ካዩ ያ ቦታ እንደገና ተቀብቷል።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመው አልትራቫዮሌቱን ያብሩ። ሙጫ ብዙ ጊዜ ነጣ ብሎ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የድሮ ኢናሜልም በራሱ ሊፈካ ይችላል፣ አንዳንድ ሙጫ ደግሞ ጭራሽ አይፈካም። የሚፈለገው ከአካባቢው ተለይቶ የሚታይ ቦታ ነው። በመርፌ መውጋትን የሚመክር ሰው ካለ አይስሙት፤ ጥገናውን ከማወቅዎ በፊት ደህናውን ያቆስሉታል።

ጉዳት የሚበዛው ጠርዙ፣ ማጠፊያው አጠገብና ከማንጠልጠያው ሥር ነው። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ብርጭቆ ግን አይጎብጥም፤ ስለዚህ ተሰንጥቆ ይፈነጠራል። ክዳኑ ትንሽም ብትሆን ጎድጉዳ ከታየች በትይዩዋ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ።

3. ሉሎቹን መቁጠር

ሉሎቹ ለሁለት የተከፈሉ የተፈጥሮ ሉሎች ናቸው። በመነፅር ሲታዩ መጠናቸውና ድምቀታቸው በጥቂቱ ይለያያል። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑና ነጭነታቸው የኖራ የሚመስል ከተገኙ ተተክተዋል ማለት ነው። ጥቂት መተካታቸው የተለመደ ነው፤ ባዶ ጉድጓድ መኖሩ ግን የጎረቤቶቹን መያዣ ያላላል።

4. መክፈትና ማሽኑን ማየት

ክዳኑን በጥፍር እንጂ በቢላ አይክፈቱ፤ የቢላው ጫፍ የሚያርፈው በትክክል ኢናሜሉ ጠርዝ ላይ ነው። ከውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የመስታወት ክዳን አለ። የተገዛው እየተከፈተ እንዲደነቅ ስለነበር የማሽኑ ድልድዮች (ጥርሶቹን ከላይ የሚይዙት ክፍሎች) በሐረግ ተቀርጸዋል። የሰከንድ ቆጣሪው ረጅምና መሐል ላይ የተተከለ ሲሆን፣ የቻይና ዱፕሌክስ በሚባለው አሠራር በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዘላል።

ስም ብቻ አይመኑ። ቦቬ ራሱ ስሙን ገልብጦ «ቴቮብ» እያለ የፈረመባቸው ሰዓቶች አሉ፤ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈባቸውም አሉ። የለንደኑ ዊልያም ኢልበሪ ስምም ታዋቂ ስለነበር ተመስሎ ተሠርቷል። ከስሙ ይልቅ ቀፎውና ማሽኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች መስማማታቸውን ይዩ። እነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ በጥንድ ይሸጡ ስለነበር ሥዕሉ የመስታወት ግልባጭ የሆነ ወንድም ሊኖረው ይችላል፤ ጥንድ ሆነው ከተገኙ አይለያዩዋቸው።

ሰዓቱ የሚሞላው በቁልፍ ነው። ቁልፉ ከአራት ማዕዘኑ ዘንግ ጋር ሳይወላወል መግጠም አለበት፤ ሰፊ ቁልፍ ማዕዘኑን ይበላዋል፣ ሲያመልጥም ድልድዩን ይጭራል። ዘይቱ መቼ እንደታደሰ ካልታወቀ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለው አይሙሉት። የደረቀ ዘይት አሸዋ ሆኖ የባላንሱን፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን መንኮራኩር፣ የዘንግ ጫፎች ይፈጫል።

5. ጽዳትና ጥገና

አቧራን ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይበቃዋል። ስንጥቅ የሌለበትን ኢናሜል በተጣራ ውሃ ርሶ በደንብ በተጨመቀ ጥጥ መጥረግ ይቻላል። ስንጥቅ ካለ ውሃ አያስጠጉ፤ እድፉን ይዞ ይገባና ስንጥቁ ጥቁር ክር ሆኖ ይቀራል። አልትራሶኒክ ማጠቢያ፣ አሞኒያ፣ ሆምጣጤና የወርቅ ማጽጃ በፍጹም አይነኩትም፤ የመጀመሪያው ኢናሜሉን ያረግፋል፣ ሌሎቹ ሉሉን ያበላሻሉ።

ማጠፊያው ቢላላ ወይም ማንጠልጠያው ቢሰበር ወደ ተራ ወርቅ ቤት አይውሰዱት። ወርቅ ሠሪው ለብየዳ እሳቱን ሲያቀርብ ሙቀቱ በወርቁ በኩል ሄዶ ብርጭቆውን አንድ ጎኑን ብቻ ያግለዋል፤ ሥዕሉም በደቂቃ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። ኢናሜል የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ ክዳኑን ዘግተው፣ ለስላሳ ነጭ ወረቀት ጠቅልለው፣ ፀሐይና ምድጃ ከሌለበት መሳቢያ ያስቀምጡት።