ካውንቲያችሁን እወቁ፦ ከጎንደር ወደ ዲሲ አካባቢ ለመጣችሁ

ጎንደር ላይ ጉዳይ ያለው ሰው መንገዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ካልሆነ ክፍለ ከተማ፣ ካልሆነ ከተማ አስተዳደር። ማራኪም ኑሩ አዘዞ፣ ማን ዘንድ እንደምትሄዱ አይጠፋችሁም። ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ስትገቡ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ዘመድ ቤት ታርፋላችሁ፣ አድራሻው በወረቀት ይጻፍላችኋል፣ ያ አድራሻ በማን ሥር እንዳለ ግን የሚነግራችሁ የለም።

ስለዚህ ሥራ ከመፈለጋችሁም በፊት ካውንቲያችሁን፣ ማለት ከስቴት በታች ያለውን የአካባቢ አስተዳደር፣ እወቁ።

አሜሪካ 50 ስቴቶች አሏት፤ እኛ ክልል እንደምንለው ናቸው። ዲሲ ከነዚህ ውስጥ የለችም፤ የራሷ አስተዳደር ያላት የፌዴራል ዋና ከተማ ናት። እኛ በጅምላ «ዲሲ» የምንለው አካባቢ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያንም ይጨምራል፤ የሦስቱም ሕግ ለየቅል ነው። ግሪን ካርድና ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የፌዴራል ጉዳይ ናቸው። መንጃ ፈቃድ የስቴት ነው። የልጆች ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሰፈር አውቶቡስ፣ የጋብቻ ፈቃድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያልቁት ካውንቲ ላይ ነው። ካውንቲ ስፋቱን ስታዩት ዞን ይመስላል፤ ሥራው ግን እኛ አገር ቀበሌና ክፍለ ከተማ ከሚሠሩት ብዙውን ይይዛል።

ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ ቀለል ይላችኋል፤ ስቴቱም ካውንቲውም ከተማውም አንድ መንግሥት ነው። በፈረንጆቹ 2004 የወጣ የቋንቋ ሕግም አለ። የከተማዋ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ሚያደናግረው እንምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ይህን ያህል የታወቀ ስም ይዞ ከንቲባ የለውም፤ በሕግ ከተማ ሆኖ አልተቋቋመምና። የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ የካውንቲው መቀመጫ ደግሞ ሮክቪል ነው። «የሲልቨር ስፕሪንግ ማዘጋጃ ቤት የት ነው?» እያሉ መዞር ትርፉ ድካም ነው።

ቨርጂኒያ ይብሳል። እዚያ 95 ካውንቲዎች አሉ፤ ከእነሱ ውጭ ደግሞ በየትኛውም ካውንቲ ሥር የማይገቡ 38 ከተሞች አሉ። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ከእነዚህ ናቸው። ችግሩ ፖስታው ላይ ነው። «ፎልስ ቸርች» ወይም «አሌክሳንድሪያ» የሚል አድራሻ ካላቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከተማዋ ውስጥ አይደሉም፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሚበዛበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ አንዱ ምሳሌ ነው። በፈረንጆቹ 1963 የመጣው ዚፕ ኮድ፣ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለው የፖስታ ቁጥር፣ ደብዳቤ ለማድረስ የተሠራ ነውና የአስተዳደር ወሰን አይከተልም። አድራሻውን ብቻ አይቶ ልጁን ለማስመዝገብ የሄደ ወላጅ «የእኛ ነዋሪ አይደላችሁም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የቤቱን አከራይ ወይም የአፓርትመንቱን ቢሮ በግልጽ ጠይቁ፦ «ይህ ሕንፃ የየትኛው ካውንቲ ወይም ከተማ ነው? ልጆች የሚማሩትስ በየትኛው ካውንቲ ወይም ከተማ ትምህርት ቤት ነው?» የካውንቲዎቹ ድረ ገጾችም አድራሻ ስታስገቡ ትምህርት ቤቱን ያሳያሉ።

ገንዘቡም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ከስቴቱ የገቢ ግብር ላይ ካውንቲው የራሱን ይጨምራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ የገቢ ግብር አይጠይቅም፤ ግን መኪና ከገዛችሁ የመኪና ግብር በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው ትከፍላላችሁ። መኪና ለመግዛት የምትቸኩሉ ልጆች ይህን አስቡበት። ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደግሞ የሚታየው ሥራው ባለበት ቦታ ነው። ሜሪላንድ በፈረንጆቹ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ናት፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ በላይ ያደርጋል። መኖሪያችሁ ቨርጂኒያ ሆኖ ሥራችሁ ሞንትጎመሪ ከሆነ የሚሠራው የሞንትጎመሪው ሕግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ነዋሪነትን ማስረዳት ነው። አገር ቤት ቀበሌው ያውቃችኋል፤ ምስክር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፣ መታወቂያ ይሰጣችኋል። እዚህ ነዋሪ የሚመዘግብ ቢሮ የለም። ነዋሪ መሆናችሁን የሚናገረው በስማችሁ የመጣ ወረቀት ነው፦ የኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ የባንክ ደብዳቤ። ዘመድ ቤት ላረፈ ሰው ይህ ያስጨንቃል፤ ውሉ በስሙ አይደለምና። ቶሎ የባንክ ሂሳብ ክፈቱና ደብዳቤው ወደዚያ ቤት ይምጣ። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ያስጠጋችሁ ሰው ፈርሞ የሚያረጋግጥበት ቅጽ አላቸው። ዘመዳችሁ ቢያመነታ አትቀየሙት፤ የፊርማ ነገር ያስፈራል። ቅጹን አብራችሁ አንብቡት።

የጎንደር ሰው በተለይ የሚጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። ቅጽ ላይ «የትውልድ ቦታ ሙሉ» ሲባል የአባታችሁ ወረቀት በጌምድር ይላል፣ የታላቅ ወንድማችሁ ጎንደር ክፍለ ሀገር ይላል። ሰሜን ጎንደር ዞን ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የደምቢያ ልጅ ወረቀት ማዕከላዊ ጎንደር ሊል ይችላል። ለእኛ ያው አገር ነው። ፈረንጁ የኢሚግሬሽን መርማሪ ግን ይህን አያውቅም፤ የተለያየ ቦታ ሊመስለው ይችላል። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ያዙና በየቅጹ ያንኑ ጻፉ። የቤተሰብ ጉዳይ ስታስገቡ ስሞቹ ከተለያዩ፣ የአስተዳደር ስም ስለተቀየረ መሆኑን በአጭሩ አስረዱ።

ቤት ስትቀይሩ መሸኛ የሚጽፍላችሁ የለም። ካውንቲ ከቀየራችሁ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የመንጃ ፈቃዱን አድራሻ ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ዜግነት ያላገኛችሁ ለኢሚግሬሽን በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ አለባችሁ። ጉዳያችሁ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ካለ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ለፍርድ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ሌላ ቅጽ ይገባል። የቀጠሮው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ሄዶ ሰው ካልቀረበ፣ ሰውየው በሌለበት ከአገር እንዲባረር ዳኛው ሊወስን ይችላል። አዲሱ ቤት ስትገቡ ዕቃችሁን ከመፍታታችሁ በፊት እነዚህን ቅጾች ሙሉ፤ የላካችሁበትንም ማስረጃ አስቀምጡ።