ብርዱ ሳይመጣ ቦይለራችሁን እዩት (በተለይ አዳማ ላላችሁ)

አዳማ ላይ ቦይለር ትዝ የሚለን ህዳር ሲገባ ነው፣ ሚያዝያና ግንቦትማ ከሰዓት ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ ማን ይከፍተዋል። ከዛ የህዳር ማለዳ ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ይለኩሰዋል፣ የአንዱ ያንጠባጥባል፣ የሌላው ብሬከር ይጥላል፣ ቧንቧ ሰራተኛ ደግሞ በዛ ሰሞን ስልክ አያነሳም። ስለዚህ መስከረም ላይ ግማሽ ቀን ስጡት።

ከቦይለሩ በፊት ግን ሮቶው። የከተማው ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፣ ችግሩ ፈረቃው ላይ ነው፣ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ቧንቧው ውስጥ የተቀመጠ ዝቃጭ ነው። እሱ ሮቶ ውስጥ ይገባል፣ ከሮቶ ቦይለር ውስጥ ይገባል፣ እዛ ሄዶ ታች ይተኛል። ከሮቶው በፊት አንድ ሳራቺኔስካና አንድ የግቢ ቧንቧ ካላችሁ ውሃ ሲመጣ የግቢውን ከፍታችሁ እስኪጠራ በባልዲ ያዙት፣ ለግቢ ማጠቢያ ይሆናል፣ ከዛ ወደ ሮቶ ልቀቁት። ውሃ ሌሊት 8 ሰዓት ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ እንደሆነ ይገባኛል፣ እናንተ በቃ ሮቶውን በዓመት ሁለቴ አጠንፍፋችሁ በመጥረጊያና በበረኪና እጠቡት፣ በደንብም አለቅልቁት።

አሁን ወደ ቦይለሩ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም፣ ውሃውም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ብዙ ሰው የማያየው ነገር ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ላይ የተገጠመችው ትንሿ ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ሁለት ስራ አላት፣ ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ቦይለር ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ተስቦ እንዳይሄድ ትይዛለች። ፈረቃ ባለበት ከተማ ሁለተኛው ስራዋ ነው ቦይለር የሚያተርፈው፣ እሷ ከተበላሸች መስመሩ ሲደርቅ ቦይለሩም አብሮ ይጎድልና ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ያለ ውሃ ግሎ ይቃጠላል። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ካለች አትደንግጡ፣ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል፣ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። አንዳንዱ ወለሉ ረጠበ ብሎ ቀዳዳዋን በቴፍሎን ወይ በእንጨት ይወትፋል፣ ይሄ ቦንብ መስራት ነው፣ በጭራሽ! ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሽ ምሯት። ቦይለሩ ጠፍቶም ቀኑን ሙሉ ካንጠባጠበች ግን ቆሽሻለች ወይ አርጅታለች፣ ቀይሯት። በወር አንዴ ምላሷን (ትንሿን ማንሻ) ብድግ አድርጉ፣ ውሃ ፊጭ ካለ ደህና ናት፣ ከደረቀች ወይ ካልተነቃነቀች አትቆዩ።

ዝቃጩን ለማውጣት የውሃ መግቢያውን ዝጉ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ አንድ ቦታ ክፈቱ አየር እንዲገባ፣ ከዛ የቫልቯን ምላስ አንስታችሁ በቱቦ ወደ ባልዲ አፍስሱ። መጨረሻ ላይ ቡናማ ውሃ ሲወርድ ታያላችሁ። በአንድ ሁለት ዓመት አንዴ ደግሞ ከስር ያለውን ክዳን በቡሎኖቹ ፈታችሁ ሬዚስታንሱን አውጡት (ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ)፣ ነጭ ቅርፊት ከያዘ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በቢላ አትፋቁት። አብሮት ያለው ዘንግ አኖድ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ነው፣ ስራው በበርሜሉ ፋንታ መበላት ነው፣ ስለዚህ ተበልቶ ቀጭን ሽቦው ከታየ ተራው የበርሜሉ ነው ማለት ነው። አዲስ አኖድ ከአዲስ ቦይለር ጋር በዋጋ አይወዳደርም፣ ለምን እንደማይቀየር አይገባኝም። ስትገጥሙ የክዳኑን ጎማም አዲስ አድርጉ።

ከዛ ውሃ ሙሉ፣ የሙቁን ቧንቧ ክፍት አድርጋችሁ ሳይተፋና ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ጠብቁ፣ እስከዛ ብሬከር አይነካም። ባለ 1500 ዋት 50 ሊትር ቦይለር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል፣ የናንተ ሶስት ሰዓት ከፈጀ ሬዚስታንሱን ወይ ቴርሞስታቱን (ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን) ጠርጥሩ።

ሻወር ውስጥ ቧንቧው በትንሹም ቢሆን ከነዘራችሁ ግን ጨዋታ የለም፣ ብሬከሩን አውርዱና ኤሌክትሪሻን ጥሩ፣ ወይ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቋል ወይ ሌላ ቦታ ኤሌክትሪክ ያመልጣል፣ ኧርዝም ላይኖራችሁ ይችላል። በላስቲክ ነጠላ ጫማ መታጠብ ጥገና አይደለም።

ሻወሩ ደከመ ብላችሁም ቦይለሩን አትክሰሱ፣ 1 ባር ግፊት ለማግኘት ውሃው 10 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፣ ሮቷችሁ ከራሳችሁ በላይ 3 ሜትር ብቻ ከሆነ 0.3 ባር ነው ያላችሁ። የሻወሩን ራስ አቼቶ በያዘ ፌስታል ጠቅልላችሁ አሳድሩት፣ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ።

ውሃ የሚያፈስ ቦታ ካለ ለመለየት ወደ ሮቶ የሚሄደውን ጨምሮ ሁሉንም ዝጉና ቆጣሪውን እዩ፣ ከዞረ መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ። የሽንት ቤት ታንከር ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ ሳትለቁት ሳህኑ ላይ ቀለሙ ከታየ የሚያሳልፈው ታች ያለው ጎማ ነው። የወጥ ቤት ላቫንዲኖ ደግሞ የቡና አተላና የወጥ ዘይት ነው የሚዘጋው፣ ከስር ባልዲ አድርጋችሁ ሲፎኑን (ጠምዛዛውን ቧንቧ) በእጅ ፍቱት፣ ኮስቲክ ሶዳ ከመድፋታችሁ በፊት።