የሰፈር ቴሌቪዥን ሲቸገር፦ ችግርና መፍትሄ ከደብተራችን

ስቱዲዮአችን በር ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አለ። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ያየው ሰው ይጽፍበታል። ምን ታየ? ምክንያቱ ምን ነበር? በምን ተፈታ? እኛ ደሴ አቅራቢያ ባለች ትንሽ ከተማ በበጎ ፈቃድ የምንሠራ ሰዎች ነን። ደመወዝ የለንም። የሠራነውን በዩቲዩብና በቴሌግራም እንለቃለን። ኢንተርኔት ለማያገኙት ደግሞ በፍላሽ ገልብጠን ቴሌቪዥን ላላቸው ሻይ ቤቶች እንሰጣለን። ደብተሩ ሲሞላ፣ እንደኛ ለጀመረ ወይም ሊጀምር ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ዋና ዋናውን አወጣሁት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ችግር ሲገጥማችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ገመዱንም ማይኩንም ሶኬቱንም አብራችሁ ከቀየራችሁ፣ ቢስተካከልም ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር አታውቁም። ሳምንት ሳይሞላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ድምፁ ውስጥ "እምምም" የሚል ነገር አለ

ከድምፅ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል። ድምፁ ከረበሸው ግን ሌላ ቻናል ያደርጋል። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ይህ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመብራት መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ከአንዱ ግድግዳ፣ ድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ከሌላው ግድግዳ ሲሰካ፣ በድምፅ ገመዱ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ በሁለቱ መካከል ይዞራል። የምትሰሙት እሱን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ አሠሩት። ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሄው ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ነው። የድምፅ ገመድና የመብራት ገመድ ጎን ለጎን አይዘርጉ። የግድ ከተገናኙ በመስቀለኛ ይተላለፉ። ረጅም ገመድ ካስፈለገ ሦስት እግር ያለውን፣ ኤክስኤልአር የሚባለውን የማይክ ገመድ ተጠቀሙ። አንድ አደራ አለኝ። "የኤርዙን እግር ብንቆርጠው ድምፁ ይጠፋል" የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉት። እውነት ነው፣ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ማይክ የያዘውን ልጅ ግን ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

ደጅ ስትቀርጹ "ፉፉፉ" ካለ ደግሞ ንፋስ ነው። ስፖንጁ ብቻ ለደጋ ንፋስ አይበቃም። ከላዩ ጸጉራም ጨርቅ አልብሱት፣ ማይኩንም ወደ ተናጋሪው አቅርቡት።

ከውጭ የመጣው ካሜራ ምስሉን ያርገበግባል

ካሜራውን የላከልን አሜሪካ ያለ የከተማችን ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ስንቀርጽበት ጥቁር መስመሮች ምስሉ ላይ ይመላለሳሉ። ተበላሽቷል ብለን ሁለት ወር ሙሉ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ምንም አልሆነም ነበር።

የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው። የኛ 50 ነው። በዚህ የተነሳ የኛ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። በአሜሪካ አሠራር የተስተካከለ ካሜራ በሰከንድ 30 ምስል እያነሳ፣ ሹተሩም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ሆኖ ከዚህ መብራት ጋር አይገጥምም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኤንቲኤስሲ የሚለውን የአሜሪካ አሠራር፣ ከኛ መብራት ጋር ወደሚገጥመው ፓል ቀይሩት። በሰከንድ 25 ምስል፣ ሹተር 1/50 አድርጉት። አንዳንዱ ካሜራ ይህን ሲቀይሩ ካርዱን ፎርማት ላድርግ ይላል። ስለዚህ ያላችሁን ቀድማችሁ ገልብጡ። ፓል የሚል ምርጫ ከሌለው ሹተሩን ብቻ 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ይበቃል። ስልክም ቢሆን ያው ነው፤ ሹተር የሚያስመርጥ የካሜራ አፕ ጫኑበት።

ሌንሱ ጭጋግ ይለብሳል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት፣ ባቲ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ትላለች። የባቲን የሰኞ ገበያ ልንቀርጽ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ ካሜራው የደሴን ብርድ ይዞ ነው የሚወርደው። ቀዝቃዛ ሌንስ ሞቃት አየር ሲነካው ውሃ ያቆራል። መጥረግ አይጠቅምም፣ ወዲያው ይመለሳል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ እስከዚያ ሻይ ጠጡ።

መብራት ጠፋ፣ የተቀረጸውም አልከፈት አለ

ደብተሩ ውስጥ በቀይ የተጻፈው ይሄ ነው። ስለ አካባቢው የእርቅ ሥርዓት የሚያወሩ አንድ አዛውንት አባት ነበሩን። ሁለት ሰዓት ቀረጽናቸው። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም። ደግመን ብንቀርጻቸው እሺ አሉን። ያኔ እንባ እየተናነቃቸው የተናገሩት ግን አልተደገመም።

ኤምፒ4 የሚባለው ፋይል በተለመደው አሠራሩ ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው። ሳይዘጋ መብራት ከጠፋ፣ ምስሉ ውስጡ እያለ መክፈቻው ይጠፋል። ኦቢኤስ የሚባለውን የኮምፒውተር መቅረጫ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉት። በመሀል ቢቋረጥም እስከዚያ የተቀረጸው ይከፈታል። ሲያልቅ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ "ሪሙክስ" በሚለው ወደ ኤምፒ4 ትቀይሩታላችሁ፣ ጥራቱ አይነካም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካገኛችሁ ለኮምፒውተሩና ለራውተሩ ብቻ አድርጉት፣ ፓውዛ አትሰኩበት። ሥራው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሥርዓት እንድትዘጉ ማድረግ ነው። እሱ ከሌለ ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ከአዲስ ዴስክቶፕ ይሻላችኋል። ካርድም ቢሆን ይዘቱ ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ አይጥፋ።

አፍና ድምፅ አይገጥምም

ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ድምፁን ጎትቶ ማስተካከል ነው። ለዚህ ቀረጻ ሲጀመር ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ልማድ ይሁን። እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የስልክ ነው። ስልክ በሰከንድ የሚያነሳውን ምስል ብዛት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም የምስሉን ብዛት ቋሚ አድርጉት።

ላይቩ ይቆራረጣል

ብዙዎቻችን ፍጥነት ስንለካ የምናየው ማውረጃውን ነው። ለላይቭ የሚያስፈልገው መጫኛው ነው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ለኩና ከተገኘው ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። 2 ሜጋቢት ከተገኘ በ1 ሜጋቢት፣ በ480 የምስል ጥራት አስተላልፉ። ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ኔትወርኩ ይጨናነቃል። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ላይ ላይቭ እናደርጋለን ብላችሁ ቃል አትግቡ። ቀርጻችሁ ማታ ጫኑት።

የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ መጣ

ሠርግ ቀርጻችሁ ከጀርባ የታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን ከተሰማ ዩቲዩብ ራሱ ይለየዋል። ይህ አገራችን ውስጥም በአዋጅ 410/1996 የተጠበቀ መብት ነው። ግን ለምን ከሰው እንወስዳለን? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። ማሲንቆ የሚመታ፣ መንዙማ የሚል ሰው በየቀበሌው አለ። እነሱን አስፈቅዳችሁ ቅረጹ፣ ፈቃዳቸውንም በወረቀት ያዙ። ጥያቄ ሲመጣ መከራከሪያችሁ ያ ወረቀት ነው።

ልጆቹ መምጣት አቆሙ

ስንጀምር አሥራ አራት ነበርን። በአራተኛው ወር ሦስት ቀረን። ሰነፉ ብለን አዘንባቸው። በኋላ እየዞርን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው፣ ያፈርነው እኛ ነን። አንዱ ሁልጊዜ ትራይፖድ ብቻ ተሸካሚ ሆኖ ካሜራ ነክቶ አያውቅም። ሌላው የታክሲ ከኪሱ ሲያወጣ ከርሟል። ሴቶቹ ደግሞ ስብሰባው ማታ ስለነበር ቤት የሚጠብቃቸው ቁጣ ነው። አጨዳ ሲደርስ ማን እንደሚቀር ያሰበም አልነበረም።

ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ እንዴት እንደሚሠራ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ተረኛው ይታወቃል፣ የማይችል ሰው ምትክ ይልካል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። እኛም ይህንኑ ወሰድን። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው መደብን፣ በየወሩም ቦታ ይቀያየራሉ። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። የታክሲ ከጋራ ሳጥን ይከፈላል። በየዝግጅቱ መጨረሻ ትራይፖድ የያዘው ልጅ ስም ሳይቀር ይጻፋል። እናቱ ሻይ ቤት መጥታ የምታየው ያንን ነው። አሁን አሥራ አንድ ነን።

"የእነሱን ብቻ ነው የምታሳዩት" ተባልን

ቅሬታው የመጣው ከአንድ ሰፈር ሰዎች ነው። ልክ ነበሩ። ተራ የምንሰጠው ለምናውቀው ሰው ነበር፣ ሆን ብለን ባይሆንም። የተጻፈ ደንብ አልነበረንም። አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኬብል ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቻናሎች አሉ፣ የተለመደው መመሪያቸው ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ ነው። ያንን ለራሳችን አመቻቸነው። ጥያቄ በመዝገብ ይገባል፣ ተራ በቀን ይያዛል። መውሊድና ገና እኩል ሰዓት አላቸው። ሰውን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ የሚሰድብ ነገር አይገባም፣ ማንም ያምጣው። ቅሬታ ሲመጣ ሦስት ሰው አብሮ ያያል፣ መልሱም በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣል።

በሞገድ ለማሰራጨት ካሰባችሁ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ አዋጅ 1238/2013 ነው። በኢንተርኔት ብቻ ለምትሠሩም ስለ ምዝገባው ቀድማችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ነው ባለቤቱ የሚል ስለሚሆን፣ የአባላቱን ስም ዝርዝርና መተዳደሪያ ደንባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።