ኮምፕሬሰር ለቤት ዎርክሾፕ፦ ለአዲስ አበባ የሚሆነውን መምረጥና መግጠም

ኮምፕሬሰር ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚነገርዎ የታንኩ ሊትርና 8 ባር የሚለው የግፊት ቁጥር ነው። ሁለቱም ሥራዎን አይወስኑም። 8 ባር ትንሹም ትልቁም ያወጣል፤ ታንኩም የተመረተ ነፋስ ማቆያ እንጂ ነፋስ አምራች አይደለም። መጠየቅ ያለበት ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር ወደ ታንኩ ያስገባል የሚለው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መልሱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በጣም ያንሳል።

ስሌቱን ከመሣሪያው ይጀምሩ። ትንሽ የሚስማር መምቻና ስቴፕለር በአንድ ምት ከ2 ሊትር በላይ አይወስዱም፤ ሶፋ ለሚሠራ ሰው ትንሽ ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። ጎሚስታ ቤት የሚታየው የግማሽ ኢንች ብሎን መፍቻ በደቂቃ ከ120 እስከ 200 ሊትር ይፈልጋል፣ ግን የሚሠራው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ታንኩ ይሸፍንለታል። የቀለም መርጫ እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 400 ሊትር ይጠጣል፣ ያውም ያለማቋረጥ። በነፋስ የሚሠሩ ማለስለሻና ግራይንደር ደግሞ 300 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። እነዚህን ሁለቱን በቤት ኮምፕሬሰር ለማሠራት መሞከር ትርፉ ፓምፕ መጨረስ ነው፤ የኤሌክትሪኮቹን ይግዙ።

የካርቶኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። አንደኛ፣ ርካሽ ኮምፕሬሰሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ፒስተኑ የሚጠርገው መጠን ነው፤ ታንክ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉ ነው። ሁለተኛ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየራችን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። «200 ሊትር» የተባለው ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ተክለ ሃይማኖት ላይ ሲሠራ 100 ሊትር ካስገባ ጥሩ ነው። ስስ አየር ሞተሩንም እንደልብ አያቀዘቅዝም፤ ፓምፑም 8 ባር ለመድረስ አየሩን የበለጠ ማመቅ ስላለበት ይግላል። ስለዚህ በር፣ ቁም ሳጥን ወይም የመኪና አካል ለሚቀባ ሰው የምንመክረው ቢያንስ 3 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ ቺንጋ እና ባለ 100 ሊትር ታንክ ነው። ቺንጋ ያለው ፓምፕ ዝግ ብሎ ስለሚዞር ብዙ አይግልም፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልክዎ ሰዓት ይለኩት። የታንኩን የታች መክፈቻ ከፍተው ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ ጌጁ ዜሮ ላይ ሲያርፍ ይዝጉትና ያስነሡት። በራሱ እስኪጠፋ የፈጀውን ጊዜ ይያዙ። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከዜሮ 8 ባር ሲደርስ 50 ሲባዛ በ8፣ ማለትም 400 ሊትር ገብቶበታል፤ 4 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 100 ሊትር ማለት ነው። ቀጥለው ነፋስ ይልቀቁ፤ 6 ባር አካባቢ መልሶ ሲነሣ እስከ 8 ያለውን ብቻ ይለኩ። አሁን የገባው 50 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 100 ሊትር ነው። ይህ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ዝቅ ይላል፣ ሆኖም ፓምፑ በሥራ ላይ የሚውለው በዚህ ግፊት ስለሆነ የሚያምኑት እሱን ይሁን። ልኬቱ እዚሁ ስለተወሰደ ለከፍታ ሌላ ቅናሽ አያስፈልገውም። ሁለቱንም ቁጥሮች ታንኩ ላይ በማርከር ይጻፉ። ከወራት በኋላ ጊዜው በሩብ ከረዘመ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ቴስታታው (የፓምፑ ራስ) ሥር ያሉትን ስስ ቫልቮች፣ በመጨረሻ የፒስተኑን ፋሻዎች (ቀለበቶቹን) ይመርምሩ።

ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ያገለገለ ታንክ በቅናሽ ይገኛል። ታንክ የሚበሰብሰው ከውስጥ፣ ውኃ ከሚተኛበት ከታች ስለሆነ አዲስ ቀለም ምንም አይነግርዎትም። ውኃ ሞልቶ በእጅ ፓምፕ 12 ባር ሳይፈተሽ አይግዙት፤ ፍተሻው በነፋስ ሳይሆን በውኃ የሚሆነው ታንኩ ቢቀደድ እንዳይፈነዳ ነው። ከተቀደደ በኋላ የተበየደ ወይም የተለጠፈ ታንክ በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

ኤሌክትሪኩ

ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር በ220 ቮልት 10 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ የዚህን አምስትና ስድስት እጥፍ ይወስዳል። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከነግራውንዱ ይዘርጉለት፣ ብሬከሩም ባለ ሲ ዓይነት (የመነሻውን ጫና ለአፍታ የሚታገሥ) 16 አምፔር ይሁን። ለ3 ፈረስ ጉልበት 4 ካሬ ሚሊሜትርና 20 አምፔር ነው። በማከፋፈያ አይሰኩት። ሥራው ከሶኬቱ ከራቀ የሚረዝመው የነፋስ ጎማው እንጂ የኤሌክትሪክ ገመዱ መሆን የለበትም፤ ረጅም ቀጭን ገመድ ቮልቴጁን ይጥልና ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም። ካጉረመረመ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ያጥፉት። አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት በሚያገለግልባቸው የመሀል ከተማ ግቢዎች ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ይህ ደጋግሞ ይገጥማል።

መብራት ሲሄድ የሚደረገውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ መብራት ከጠፋ ፓምፑ ራስ ላይ የታመቀ ነፋስ ይቀራል፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ያንን ጫና ተሸክሞ ለመነሣት ይታገላል፣ ካፓሲተሩም ጥቅልሉም የሚቃጠሉት ያኔ ነው። ሶኬቱን ከግድግዳ መንቀል ይህን አያስቀርም። ማጥፋት ያለብዎት ኮምፕሬሰሩ ላይ ባለው ማብሪያ ነው፤ ወደ ታች ሲጫኑት «ፂስ» የሚለው ድምፅ ጫናው መውጣቱን ያሳያል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ማብሪያው ውስጥ ያለችው ትንሿ ማስተንፈሻ ተደፍናለች።

ልደታን በመሰለ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ዘይት የማይፈልገው ድምፅ አልባ የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ነፋሱ ያነሰ ቢሆንም ከጎረቤት ጋር ያኖራል። ጎማ እግሮቹን አያውጡ።

ቧንቧ፣ ጎማና ውኃ

ፒቪሲ ቧንቧ ለነፋስ አይሆንም፤ ሲሰበር ስብርባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል። የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ይጠቀሙ፣ ከኮምፕሬሰሩ ጋር ግን በግማሽ ሜትር ጎማ ያገናኙት፤ አለዚያ ንዝረቱ መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል። ቧንቧው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወርድ እግርና መክፈቻ ይኑረው። ወደ መሣሪያ የሚሄደውን መስመር በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ከላይ ወስደው በጎሚቶ (በመታጠፊያ) መልሰው ያውርዱት፤ ውኃ በቧንቧው ወለል ስለሚሄድ ከላይ የተወሰደ መስመር ደረቅ ይሆናል። ተንቀሳቃሹ ጎማ ውስጡ 8 ሚሊሜትር ይሁን። 6 ሚሊሜትር የሆነው በ10 ሜትር ርዝመት ለቀለም መርጫ የሚደርሰውን ግፊት ይቀንስበታል።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የሚወጣው ውኃ ያስገርማል። ታንኩን ማታ ማታ ያፍስሱ። ቀለም በሚቀቡበት ቀን ከታንኩ አጠገብ ሳይሆን ነፋሱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ መርጫው አቅራቢያ የውኃ ፊልትሮ ይግጠሙ፤ ትኩስ ነፋስ ውስጥ ያለ ውኃ ገና እንፋሎት ስለሆነ ፊልትሮውን አልፎ ይሄዳል። ቫርኒሽ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ እርጥበት ነው፤ ክብ ክብ ጉድጓድ ካሳየ ግን ዘይት ነው። ስለዚህ ዘይት ማንጠባጠቢያ ተገጥሞለት ብሎን መፍቻ ያሠራ ጎማ ለቀለም ከቶ አይመለስም፤ ሁለተኛ ጎማ ይግዙ።

ለቫርኒሽና ለመጨረሻ ቀለም 1.3 ወይም 1.4 ሚሊሜትር አፍ፣ ግፊቱ ቀስቅሴው ተይዞ መርጫው ላይ 2 ባር። ጌጁን ቀስቅሴው ሳይያዝ ካነበቡት ያታልልዎታል። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አዲሱ መስመር የፊተኛውን እኩሌታ ይሸፍን።

ዘይቱ የመኪና ሞተር ዘይት ሳይሆን ውፍረቱ ባለ 100 (ISO VG 100) የሆነ የኮምፕሬሰር ዘይት ነው፣ ልኩ የመስኮቷ ቀይ ነጥብ መሀል። የመጀመሪያው ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፣ ከዚያ በየ200ው።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከማብሪያው ሥር ነፋስ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ማብሪያውን አይቀይሩ፤ የተበላሸው ታንኩ አፍ ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቮላ ነው። የቫልቮላው ማሸጊያ ጎማ ሥር ቆሻሻ ገብቷል ወይም ጎማዋ ደርቃለች። ከመፍታትዎ በፊት በጌጁ ብቻ አይመኑ፣ የታች መክፈቻውን ከፍተው ታንኩ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲመልሱት ቴፍሎኑን በጥርሱ አዙሪት አቅጣጫ አምስት ዙር ይጠቅልሉ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ግን ባዶ ይተዉት፤ ተቆርጦ የሚገባ ቁራጭ ያቺኑ ጎማ መልሶ ይከፍታታል።