የጌም ልብስ ለመሥራት ኪስ የማይጎዳ የምስል ሶፍትዌር እንዴት እንመርጣለን?

ሮብሎክስ በሚባለው ጌም ላይ አቫታር፣ ማለትም ተጫዋቹን የሚወክለው ገጸ ባሕርይ፣ የሚለብሰው የተለመደው ሸሚዝ፣ ሲገለጥ አንድ ትንሽ ምስል ነው። ወርዱ 585፣ ቁመቱ 559 ፒክስል። ደረቱ፣ ጀርባው፣ ጎኑና እጅጌው በዚያች ምስል ላይ ለየብቻ ተዘርግተዋል። ጌሙ ራሱ አጣጥፎ ገላው ላይ ይጠቀልላቸዋል። በስልካችሁ ያነሳችሁት ማንኛውም ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የቨርቹዋል ልብስ ልሥራ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፎቶሾፕ ከየት ላግኝ?» ብሎ ነው። ለዚህ ሥራ ፎቶሾፕ የግድ አይደለም። ጉልበተኛ ኮምፒውተርም አያስፈልግም፤ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃል። የሚያስፈልገው አራት አምስት ነገር በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ደግሞ ሞልተዋል። የሚከብደው ከእነሱ መካከል መምረጡ ነው። እኔ የምመክረው አመራረጥ ከልብሱ ይጀምራል፤ ፕሮግራሙ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ልብሱ የት እንደሚለበስ ወስኑ

ሮብሎክስ ለሸሚዝም ለሱሪም ያንኑ 585 በ559 የሆነ ቴምፕሌት፣ ማለትም የየክፍሉን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ፣ ይጠቀማል። ቲሸርት የሚባለው ግን ደረት ላይ የሚለጠፍ አንድ 512 በ512 ምስል ብቻ ነው። ጀማሪ ከዚህ ቢነሳ ይቀለዋል።

ከ2003 ጀምሮ ያለው ሰከንድ ላይፍ የሚባለው ቨርቹዋል ዓለም አሠራሩ ሌላ ነው። እዚያ የምስሉ ልክ 512 ወይም 1024 ፒክስል እያለ ይሄዳል፣ ዝርዝሩም ይበዛል። ቴምፕሌቶቹ ብዙ ጊዜ የሚመጡት በፎቶሾፕ ፋይል ማለትም በፒኤስዲ ነው። ስለዚህ ለሰከንድ ላይፍ የሚሠራ ሰው ፒኤስዲ የማይከፍት ፕሮግራም ከመረጠ ገና ከጅምሩ ይቸገራል። ለሮብሎክስ የሚሠራው ግን ቴምፕሌቱ ተራ የምስል ፋይል፣ ማለትም ፒኤንጂ፣ ስለሆነ ይህ አያሳስበውም።

ልብሱን በሦስት አቅጣጫ ሰፍቶና አጣጥፎ መሥራት፣ ማለትም ስሪዲ ልብስ፣ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ነው። ለእሱ ብሌንደር አለ፣ እሱም በነጻ ነው።

ፕሮግራሙ ማሟላት ያለበት

አንደኛው ሌየር ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ፣ ለየብቻ የሚታረም የምስል ንብርብር ማለት ነው። ቴምፕሌቱ በአንድ ሌየር፣ ጨርቁ በሌላ፣ ጥለቱ በሌላ፣ ጥላው ከላይ። ሌየር የሌለው ፕሮግራም አንድ ስህተት ለማረም ሁሉንም ያስደግማል።

ሁለተኛው ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ በፒኤንጂ ማስቀመጥ ነው። ሮብሎክስ ላይ ባዶ የተተወው ቦታ የአቫታሩን ገላ ያሳያል። አንገቱ ክፍት፣ እጅጌው አጭር የሚሆነው በዚህ ነው። በጄፔግ ካስቀመጣችሁት ባዶ የነበረው ሁሉ በቀለም ይሞላል፣ ጠርዙም ይቆሽሻል። ካንቫ የሚባለውን የዲዛይን ድረ ገጽ የለመዳችሁ ልብ በሉ፦ ባዶ ዳራ ያለው ፒኤንጂ ማውረድ እዚያ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው።

ሦስተኛው የምስሉን ልክ በፒክስል በትክክል መወሰን መቻሉ ነው። «ወደ 585 የሚጠጋ» አይሠራም።

አራተኛው መልቲፕላይ የሚባለው የሌየር አቀላቀል ነው። ጥላ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ሥሩ ያለውን ቀለም ሳያጠፋ ያጠቁረዋል። ይህ ከሌለ ልብሱ ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል።

በዊንዶውስ 11 ላይ ያለው ፔይንት ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ሌየርና ባዶ ዳራ አግኝቷል። ለአንድ ቀላል ቲሸርት ይሆናል። ለሸሚዝ ግን አልመክረውም።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እናውራ

ፎቶሾፕ ብቻውን በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ለሚኖር ሰው ምናልባት አያስጨንቅም። አዲስ አበባ ላለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፕሮግራሙ ሳይለወጥ በወር ከ2,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ለዚያውም ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ከተገኘ።

ሌላም አለ። ዓመታዊ ውል ሆኖ በየወሩ የሚከፈለውን አማራጭ ከመረጣችሁ፣ ከመሃል ስታቋርጡ የማቋረጫ ክፍያ ትጠየቃላችሁ። በነጻ መሞከሪያው ስትመዘገቡ ካርዳችሁን ስለምትሰጡ፣ የመሞከሪያው ቀን ማለቁን ከረሳችሁ ገንዘቡ ይቆረጣል።

ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን ፎቶሾፕ፣ በፍላሽ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ከፍላሹ ጋር ምን አብሮ እንደሚገባ ግን አታውቁም። የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ፕሮግራሞች የሚዛመቱበት አንዱ ዋና መንገድ ይኸው ነው። የጌም አካውንታችሁ ውስጥ ሮበክስ፣ ማለትም የሮብሎክስ ገንዘብ፣ ካለ ደግሞ ሌባው የሚፈልገው እሱን ነው። ነጻው ሞልቶ ሳለ ይህን መድፈር አይገባኝም።

እጩዎቹ

ፎቶፒ በብራውዘር የሚሠራ ነው፣ ምንም አይጫንም። መልኩ ፎቶሾፕን ስለሚመስል ዩቲዩብ ላይ ያለው የፎቶሾፕ ትምህርት አብዛኛው ይሠራበታል። ፒኤስዲ ይከፍታል። ሥራችሁ ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም፣ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው የሚሠራው። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢቋረጥም መቀጠል ትችላላችሁ። ማስታወቂያው ጎን ላይ ቦታ ይይዛል፤ ትንሽ ስክሪን ላይ ያናድዳል። የማትረሱት ነገር ቢኖር ብራውዘሩ ከመዘጋቱ በፊት ፋይሉን ማስቀመጥ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት።

ጊምፕ ከ1996 ጀምሮ ያለ የነጻ ሶፍትዌር አንጋፋ ነው። አንዴ አውርዳችሁ ከጫናችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 ሌየሩን ሳያበላሹ ኢፌክት መጨመርና በኋላ መቀየር አስችሏል። የሜኑው አቀማመጥ መጀመሪያ ያደናግራል። በተለይ «ሴቭ» ሲባል በራሱ ዓይነት ፋይል ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፒኤንጂ ለማግኘት «ኤክስፖርት» ማለት አለባችሁ። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ክሪታ ለሰዓሊዎች የተሠራ ነው። ለልብስ ግን አንድ ድንቅ ነገር አለው። ደብልዩ የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ የምትስሉት ነገር በግራ ወጥቶ በቀኝ ይገባል፣ ከላይ ወጥቶ ከታች ይገባል። ስፌቱ የማይታይ ተደጋጋሚ ጥለት ለመሥራት ከዚህ የሚቀል አላየሁም። ከራሱ ድረ ገጽ ስታወርዱት ነጻ ነው። ማይክሮሶፍት ስቶርና ስቲም ላይ ያለው ግን በገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ለሠሪዎቹ ድጋፍ ይሆናል። ከጊምፕ ይልቅ ራም ይበላል።

ፔይንት ዶት ኔት በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። እሱም ከራሱ ድረ ገጽ በነጻ፣ ከማይክሮሶፍት ስቶር በክፍያ ነው። ለሮብሎክስ በደንብ ይበቃል።

አፊኒቲ ለዓመታት አንዴ ተከፍሎ የሚገዛ ነበር። ካንቫ በ2024 ገዛው፣ በ2025 መጨረሻ ደግሞ በነጻ ለቀቀው። የካንቫ አካውንት ይጠይቃል። ሻል ያለ ኮምፒውተር ላለው ሰው ከፎቶሾፕ የሚያንሰው ጥቂት ነው።

ኮምፒውተር የለም? ስልክ ላይ አይቢስ ፔይንት አለ። ሌየርም፣ መልቲፕላይም፣ ባዶ ዳራ ያለው ፒኤንጂም አለው። በጣት ፒክስል በፒክስል መሳል ግን ትዕግስት ይፈትናል፤ ርካሽ የስክሪን እስክሪብቶ ቢኖር ይረዳል።

በአንድ ጥለት ፈትኑት

ከእጩዎቹ ሁለቱን ምረጡና አንድ ዓይነት ሥራ ስጧቸው። እኔ የምመርጠው ፈተና ነጭ የሀበሻ ልብስ ከነጥለቱ ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ የፕሮግራሙን ድክመት ሁሉ ያወጣል።

የሮብሎክስ ደረት 128 በ128 ፒክስል ነው። ጀርባውም እንደዚሁ። ጎኖቹ 64 በ128 ናቸው፣ የእጅጌውም አራት ጎን እያንዳንዱ 64 በ128። የእውነተኛ ጥለት ፎቶ አምጥታችሁ እዚያ ውስጥ ብትጨምቁት ዝብርቅርቅ ያለ ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል። ሸማኔው በክር የሚሠራውን እናንተ በፒክስል እንደ አዲስ መቁጠር አለባችሁ።

ስለዚህ 16 በ16 የሆነ አዲስ ፋይል ክፈቱ። በውስጡ አንድ የጥለት ቅርጽ ሳሉ፣ ለምሳሌ አልማዝ ቅርጽና መሃሉ ላይ መስቀል። ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ይበቃል። ለምን 16? ለ128ም ለ64ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ደረቱ ላይ 8 ጊዜ፣ ጎኑ ላይ 4 ጊዜ፣ ጀርባው ላይ 8 ጊዜ፣ በሌላው ጎን 4 ጊዜ ይደጋገማል። ጥለቱ ወገቡን ዞሮ ሲመጣ ልክ ይገጥማል። 12 ብትሉ ስፌቱ ላይ የተቆረጠ አልማዝ ይቀራችኋል።

ስትስሉ ጠርዙን የማያለሰልስ ብዕር ተጠቀሙ። ጊምፕ ላይ «ፔንስል» የሚለው ነው፤ «ፔይንትብረሽ» የሚለው ጠርዙን ያደበዝዛል። ቅርጹን ማሳደግ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ኒረስት ኔበር» ወይም «ነን» የሚለውን አማራጭ ምረጡ፣ አለዚያ ይደበዝዛል።

አሁን ቅርጹን እየደጋገማችሁ አንድ 128 እና አንድ 64 ፒክስል የሚረዝም ጥለት አዘጋጁ። ከዚያ በቴምፕሌቱ ላይ በየክፍሉ ለጥፉ። ሙሉውን አንድ ረጅም ጥለት አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ አትለጥፉት፤ በክፍሎቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ስላለ መስመሩን ይስታል።

ጨርቁን ንጹህ ነጭ አታድርጉት። የጌሙ ብርሃን ሲያርፍበት እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል። ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ይሻላል። ጥላውን በአዲስ ሌየር፣ በመልቲፕላይ፣ ግራጫ ሰማያዊ በሆነ ቀለም ብብት ሥርና ወገብ አካባቢ ጨምሩ። በጥቁር የተሠራ ጥላ ነጭ ልብስን ያቆሽሸዋል።

ቲሸርት ላይ አማርኛ ልትጽፉ ካሰባችሁ ይህንንም አብራችሁ ፈትኑ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት ጫኑና ፕሮግራሙ ፊደሉን በትክክል ማሳየቱን እዩ። ባዶ ሳጥን ከደረደረላችሁ ችግሩ ብዙ ጊዜ የፎንቱ ምርጫ ነው።

በመጨረሻ የቴምፕሌቱን ሌየር ደብቁና በፒኤንጂ አውጡት። ልኩ አሁንም 585 በ559 መሆኑን አረጋግጡ። ከሁለቱ ፕሮግራሞች ይህን ሥራ ሳያስመርራችሁ የጨረሰው የእናንተ ነው። ባለሙያ የሚያወድሰው ሌላው ቢሆን እንኳ።

ከመክፈላችሁ በፊት አልብሱት

ሮብሎክስ ላይ ሸሚዝ ለመጫን ሮበክስ ይከፈላል። ሰከንድ ላይፍ እስከ 1024 ለሚደርስ ምስል በራሱ ገንዘብ 10 ሊንደን ዶላር ይጠይቃል፣ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንዱ ቢረክስም አምስቴ ሲታረም ይደመራል። ሮብሎክስ ስቱዲዮ በነጻ ስለሚገኝ ልብሱን መጀመሪያ እዚያ ባለ አሻንጉሊት ላይ አልብሳችሁ አዙራችሁ እዩት። ሰከንድ ላይፍ ላይ ደግሞ «ሎካል» የሚለው አማራጭ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ምስል ሳትጭኑት ያሳያችኋል፤ ፋይሉን ባስቀመጣችሁ ቁጥር አቫታሩ ላይ ያለውም አብሮ ይለወጣል። የታወቁ ኩባንያዎችን አርማ ግን አታስገቡበት። ይነሳል፣ የከፈላችሁትም ይቀራል።

ሁለቱን ፕሮግራሞች ማቀላቀልም ይቻላል። ጥለቱን ክሪታ ላይ ሠርታችሁ ልብሱን ፎቶፒ ላይ መገጣጠም ያዋጣል። ለዚህ ሲባል የሥራ ፋይላችሁን በፒኤስዲም አስቀምጡ፤ ፎቶፒም፣ ጊምፕም፣ ክሪታም ይከፍቱታል። ነገ ፕሮግራም ብትቀይሩ ሌየሮቻችሁ አብረዋችሁ ይሄዳሉ።